የቶኪዮ ጎዳናዎች በእኛ ሰሌዳ ላይ

ዮሺሂሳ ኦኩሙራ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር በቶኪዮና በዙሪያዋ መኪና እያስነዳ ከረመ። (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መኪናው ላይ የሬዲዮ መቀበያና መመዝገቢያ ተጭኗል። ከአንድ ጣቢያ ሞገድ ይለቀቃል፤ መኪናው እየሄደ የደረሰውን ኃይል ይመዘግባል። ድግግሞሹን ቀይረው እንደገና ይነዳሉ፤ የአንቴናውን ቁመት ቀይረው እንደገና ይነዳሉ። ለዜና የሚሆን አንዳች ነገር የለውም። በ1968 ያሳተሙት ጥናት ገጽ በገጽ የኩርባ መስመሮች ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ማሳሀሩ ሀታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ እነዚያን ኩርባዎች በካልኩሌተር ሊሠሩ በሚችሉ ቀመሮች ጠቀለላቸው። ኦኩሙራ በ2013 የአሜሪካን የድሬፐር ሽልማት ከማርቲን ኩፐርና ከሌሎች ሦስት የሞባይል ፈር ቀዳጆች ጋር ተጋርቷል። ያ አሰልቺ የመኪና ጉዞ ያለ ዋጋ አልቀረም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆኖ የኮሙኒኬሽን ስትሪምን የመረጠ ሁሉ ኦኩሙራ-ሀታን ያውቀዋል፤ ባያውቀው ፈተናው ያሳውቀዋል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ድግግሞሹ 900 ሜጋኸርዝ፣ የማማው አንቴና 30 ሜትር፣ ስልኩ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ርቀቱ 1 ኪሎ ሜትር። ከተማ ውስጥ ምን ያህል ኃይል ይጠፋል? መልሱ 126 ዲሲቤል ገደማ ነው። ርቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሌላ 10.6 ዲሲቤል ይጨመራል፤ ማለትም ስልኩ የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥራ አንደኛ ይወርዳል። ምንም በሌለበት ጠፈር ቢሆን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ የሚወርደው ወደ ሩብ ብቻ ነበር። እዚያው ጠፈር ላይ በ1 ኪሎ ሜትር የሚጠፋው 91.5 ዲሲቤል ስለሆነ፣ የቀረውን 35 ዲሲቤል የበላው ከተማው ነው፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ዛፉ፣ መኪናው። በተራ ቁጥር ከሦስት ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ተማሪው ይህን አስልቶ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። የየትኛው ከተማ ግድግዳ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም።

ሀታ ለቀመሩ ወሰን አበጅቶለታል። ድግግሞሹ ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ የአንቴናው ከፍታ ከ30 እስከ 200 ሜትር፣ ርቀቱ ከ1 እስከ 20 ኪሎ ሜትር። ስለ መሬቱ ወጣ ገባነት ቀመሩ ምንም አይጠይቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ የምትወርድ፣ መሐሏን ወንዞችና ገደሎች የሚሰነጥቋት ከተማ ናት። በቀመሩ ውስጥ የአንቴና ከፍታ ማለት ከዙሪያው አማካይ መሬት በላይ ያለው ከፍታ ነው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ላይ የቆመን የ30 ሜትር ማማ እናስብ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው ሲያይ ከፍታው በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል፤ ከቀመሩ ወሰን ያልፋል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ሲያይ ደግሞ ከመሬት በታች ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙ ራሱ ትርጉም ያጣል። አንዱ ማማ በአንድ ጊዜ ሁለት የማይረቡ መልሶች ይሰጣል ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው አለ፤ ጎን ለጎን የቆመው የመስታወት ሕንፃ አለ፤ የባሕር ዛፍ አጥሩ አለ። በ1960ዎቹ የነበረችው ቶኪዮ እነዚህን በዚህ ዓይነት አሰላለፍ አልነበሯትም።

በእርግጥ ኔትወርክ የሚያቅድ ባለሙያ ቀመሩን እንዳለ አይወስድም። ድራይቭ ቴስት የሚሉት ሥራ አለ፦ መኪና፣ ላፕቶፕ፣ ጥቂት ስልኮች፣ ጂፒኤስ። እየነዱ ይለካሉ፤ በተለካው ልክ የቀመሩን ቁጥሮች ያስተካክላሉ። ኦኩሙራ ያደረገውን ነው የሚያደርጉት። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት የሚያቆመው እንግዲህ ሙያው ከሚጀምርበት ደጃፍ ላይ ነው።

ይህን የምለው ሒሳቡ ይቀነስ ለማለት አይደለም። ሒሳቡ ይበዛል የሚል ተማሪ አለ፤ እኔ ግን አልስማማም። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ሲግናልስ ኤንድ ሲስተምስ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኤሌክትሮማግኔቲክ ፊልድስ፣ ዲጂታል ኮሙኒኬሽን እያለ ተደርድሮ ነው ገመድ አልባው ኮርስ ጫፉ ላይ የሚቀመጠው። ክሎድ ሻነን በ1948 ያወጣው ጽሑፍ አንድ መስመር በተወሰነ የሞገድ ስፋትና በተወሰነ ጫጫታ ውስጥ ያለ ስሕተት ሊያሳልፈው የሚችለውን የመረጃ ጣሪያ በሒሳብ ባያስቀምጥ ኖሮ፣ ዛሬ 4ጂና 5ጂ የምንላቸው ነገሮች ወደዚያ ጣሪያ መጠጋታቸውን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ሒሳቡ ይኑር። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የሞገድ መዋዠቅን የሚገልጸውን የሬይሊን ስርጭት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሰሌዳ ላይ የሚያወጣ አምስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ አሁን ስንት ዲቢኤም (የሚደርሰው ኃይል መለኪያ) እየተቀበለ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ የሚያሳየው አሞሌዎቹን ነው።

ቁጥሩ ግን እዚያው ስልክ ውስጥ አለ። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ስለ ስልኩ ከሚለው ማውጫ ሥር የሲም ሁኔታ ላይ ያሳዩታል። በ4ጂ ኔጌቲቭ 80 ቢል ጥሩ ነው፤ ኔጌቲቭ 100 ላይ ይወላገዳል፤ ከኔጌቲቭ 115 በታች ሲወርድ ስልኩ ለመያዝ ይታገላል። በረንዳ ላይ ቆሞ አንብቦ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ማንበብ ነው፤ የግድግዳውን ዋጋ በዲሲቤል ማግኘት ይቻላል። የጭቃ ቤት፣ የብሎኬት ቤት፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር፣ የሊፍት ውስጥ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይህን በአካሉ ያውቀዋል። ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ድምፁ የሚጠራለትም በምክንያት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ አንዱ ሞገድ 33 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከየግድግዳው ተንጸባርቀው በተለያየ መንገድ የመጡ ሞገዶች አንዱ ቦታ ላይ ተደምረው ይጠነክራሉ፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ሲርቁ ይጣፋሉ። ፌዲንግ የሚባለው ይህ ነው። ሰሌዳ ላይ ያለው የሬይሊ ስርጭት የተወለደውም ከዚህ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ዋናው የማስተማሪያ መጽሐፍ ራሱ የለካ ሰው መጽሐፍ መሆኑ ነው። የቴዎዶር ራፓፖርት መጽሐፍ በ1996 ወጥቶ በ2002 በሁለተኛ እትም ታድሷል፤ እኛ ዘንድ በፒዲኤፍ ከቴሌግራም ቻናል ወደ ቴሌግራም ቻናል ይዞራል። ራፓፖርት ስሙን ያስጠራው በፋብሪካዎች ውስጥና በከተማ ጎዳናዎች ላይ በመለካት ነው። ከተማሪዎቹ ጋር በኒውዮርክና በኦስቲን 28 እና 38 ጊጋኸርዝ ላይ ለክቶ፣ ለሞባይል አይሆኑም ይባሉ የነበሩት ከፍተኛ ድግግሞሾች እንደሚሠሩ በ2013 አሳተመ። ለ5ጂ አንዱን በር የከፈተው ያ ልኬት ነው። እኛ ከመጽሐፉ ቀመሮቹን ወሰድን፤ ልማዱን ግን ተውነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መምህራኑ ሰነፉ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እሱ አይመስለኝም። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተዘረጋው አብዛኛው ኔትወርክ ከውጭ አቅራቢዎች በብድር ታቅፎ የመጣ ነው። መጀመሪያ ከዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ኋላም በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ታሰረ። ማማው ብቻ አልመጣም፤ ማቀጃው ሶፍትዌር፣ የሚያቅደው ቡድን፣ የተስተካከለው ቀመር ጭምር አብሮ መጣ። የትኛው ኮረብታ ላይ የትኛው አንቴና በስንት ዲግሪ ይዘንበል የሚለው ጥያቄ ከአገሩ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ሳይደርስ ተመልሶ አደረ። ዩኒቨርሲቲውም ላልተጠየቀው ጥያቄ ላብራቶሪ አላቋቋመም። አንድ ኦፕሬተር ብቻ በነበረበት አገር ደግሞ አማራጭ ጠያቂ አልነበረም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 አገልግሎት ሲጀምር ሁለተኛ ጠያቂ መጣ፤ ይህ በትምህርቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ገና ጎልቶ አይታይም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ስፔክትረም አናላይዘር፣ ሲግናል ጄኔሬተር፣ ኔትወርክ አናላይዘር ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው፤ ሲበላሹም ጠጋኛቸው ባሕር ማዶ ነው። ሦስተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተማሪ ይህን ሳያልፍ አይመረቅም፤ ፈተናው ደግሞ ከአማራጮች መልስ የሚመረጥበት ነው። ውጭ ወጥቶ መለካት በሀ ለ ሐ መ አይጠየቅም። መምህር የሚመዘነው ባሳለፋቸው ተማሪዎች ቁጥር ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላውን ማማ ሥር ሳይሆን ያለፈውን ዓመት ጥያቄ ሲሠራ ቢያሳልፍ አልፈርድበትም። አራተኛው የተማሪው ስሌት ነው። ስትሪም ሲመረጥ ኮምፒዩተሩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ኮሙኒኬሽኑ የነጥብ ተራ ያደረሰው ይሆናል። ቀጣሪው ሁለት ኦፕሬተርና ጥቂት ኮንትራክተር ነው ይላሉ ልጆቹ፤ ፕሮግራሚንግ ግን እቤት ቁጭ ተብሎ ይሠራል። ስሌታቸው ስሕተት አይደለም።

ከአራቱ ምክንያቶች ግን የገንዘቡ እያረጀ መጥቷል። ለኮምፒዩተር ቴሌቪዥን ማሳያ ተብላ የተሠራች አውራ ጣት የምታክል ዩኤስቢ መሣሪያ አለች፤ ውስጧ ያለው ቺፕ እንደ ሬዲዮ መቀበያ ሊያገለግል እንደሚችል ከታወቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። አርቲኤል-ኤስዲአር ይሏታል፤ ዋጋዋ በጥቂት አሥር ዶላር ይቆጠራል። ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ጂኤንዩ ሬዲዮ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መክፈት ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ 102.1 ሜጋኸርዝ ሲቃኙ የሸገር ስርጭት በማሳያው ላይ እንደ ጉብታ ብቅ ይላል፤ ጋዜጠኛው ሲናገር ጉብታው ይሰፋል፤ ዝም ሲል ይጠብባል። የፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን ምዕራፍ በሙሉ እዚያ ስክሪን ላይ ይንቀሳቀሳል። የሞባይል ሥርዓቶች ዝርዝር መመዘኛም ምሥጢር አይደለም፤ ስሪጂፒፒ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ አውጪ ድርጅቶች ጥምረት ሰነዶቹን ማንም በነፃ እንዲያወርዳቸው ክፍት አድርጓል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሞገድ መልቀቅ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይፈቅድ መልቀቅ አይቻልም። ለትምህርት የሚሆን አነስተኛ የሙከራ ፈቃድ ግን ዩኒቨርሲቲ ጠይቆ ሊከራከርበት የሚገባ ነገር ነው።

ላብ ከሌለ ምንም አይሠራም የሚለውን የሚያፈርስ አንድ ሰው አለ፤ ቱርካዊው ኤርዳል አሪካን። በአንካራ የቢልኬንት ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ዝናው ከሚለካ መሣሪያ አልመጣም፤ ለዓመታት አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዞ ተቀመጠ፤ በ2009 ፖላር ኮድ የተባለውን የስሕተት ማረሚያ አሳተመ። የሻነን ጣሪያ ላይ እንደሚደርስ በሒሳብ የተረጋገጠ፣ ሊሠራም የሚችል ዘዴ ነበር። በ2016 ለ5ጂ የመቆጣጠሪያ ቻናል ተመረጠ። ቱርክ ያኔ ከሞባይል ቴክኖሎጂ ባለቤቶች ተርታ አልነበረችም። ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ያለው መምህር ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ቢነግር ደግ ነው። ዳሩ ግን አሪካን በኤምአይቲ የሮበርት ጋላገር ተማሪ ነበር፤ እንዲህ ያለው መንገድ ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው። ለብዙዎቹ የሚሆነው የኦኩሙራ መንገድ ነው ባይ ነኝ፤ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ተሰጥኦ አይጠይቅም።

ሌላው የሚያስቀናኝ የሃዋይ ነገር ነው። ኖርማን አብራምሰን ወደ ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ያገኘው ችግር የደሴት ችግር ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ያለው ኦአሁ ደሴት ላይ፣ ተጠቃሚው በሌሎቹ ላይ፣ መሐል ባሕር። በ1971 አሎሃኔት የተባለውን የሬዲዮ ኔትወርክ አስጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚልከው ያለው ይልካል፤ ከሌላው ጋር ከተጋጨ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይልካል። ጭነት ሲበዛበት ከቻናሉ የሚጠቀመው ቢበዛ 18.4 በመቶ ነው፤ ጊዜው በእኩል ክፍተት ሲከፈል ወደ 36.8 በመቶ ያድጋል። ተማሪዎቻችን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በቃላቸው ያውቃሉ። ኤተርኔት ከዚያ ሐሳብ ተቀዳ፤ ስልካችን ማማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራም የሚጠቀመው የዚያን ዘመድ ነው። የደሴት ችግር ያልነበረበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያነሣው ነበር ብዬ አላምንም።

የእኛስ ችግር ምንድን ነው? ለእኔ ቀድሞ የሚመጣልኝ ዝናብ ነው። ማማና ማማ ብዙ ቦታ የሚገናኙት በማይክሮዌቭ ነው፤ ማማው ላይ የሚታየው ከበሮ መሰል ክብ ነገር አንቴናው ነው። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን የዝናብ ጠብታ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ይበትነዋልም። ለኦፕሬተሩ ይህ ራስ ምታት ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲዋ ሃጊት ሜሰርና ባልደረቦቿ ግን በ2006 በሳይንስ መጽሔት ላይ ነገሩን ገለበጡት፤ ሞገዱ ስንት ዲሲቤል እንደተቀነሰ ከታወቀ በመንገዱ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ሊሰላ ይችላል አሉ። መረጃውን ኦፕሬተሩ ለጥገና ብሎ ቀድሞውኑ ይመዘግበዋል፤ የማንም ሰው ንግግር የለበትም፤ ማማው የላከውና የተቀበለው የኃይል መጠን ብቻ ነው። በ2014 የቡርኪና ፋሶና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በዋጋዱጉ አካባቢ ሞክረውት መሥራቱን አሳተሙ። ገበሬዋ ሰማይ አይቶ የሚዘራ፣ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዋ የሳሳ፣ ማማዋ ግን በየኮረብታው የቆመ አገር ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ከየት ታገኛለች?

ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ደብዳቤ ነው። ተማሪ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ይዞ ኦፕሬተር ዘንድ ይሄዳል፤ ከቢሮ ቢሮ ይላካል፤ መረጃው ምሥጢር ነው ይባላል፤ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ በእያንዳንዱ ተማሪ እግር የሚፈታ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውና ኦፕሬተሩ አንድ ጊዜ የሚፈርሙት፣ የትኛው ሊንክ፣ በየስንት ደቂቃው፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚዘረዝር ውል ያስፈልጋል። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚከፋፈለው ብዙውን ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ሲጠናቀቅ ሰኔ ይገባል። ዝናቡ ሲመጣ ተማሪው ጋውን ለብሶ ፎቶ እየተነሣ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ አራተኛ ዓመቶቹ የልምምድ ጊዜያቸውን ወደ ክረምቱ አስጠግተው ከሰኔ እስከ መስከረም መረጃውን ቢሰበስቡ፣ ግቢው ውስጥ ካለ ተራ የዝናብ መለኪያ ጋር በየዕለቱ ቢያመሳክሩ፣ አምስተኛ ዓመት ሲገቡ የሚተነትኑት የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል። ይህን ለመወሰን የትምህርት ክፍል ስብሰባ ይበቃል፤ ከሚኒስቴር ፈቃድ አይጠበቅም።